ቴሌቪዥንን በኮምፒውተር ማሳያነት ስንጠቀም የምስሉ ጠርዝ የሚቆረጥበት ምክንያትና መፍትሔው

መግቢያ

ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ ዛሪማ ይደርሳል። ለመመረቂያ ጽሑፌ የሚሆነውን የአርሶ አደር ቤተሰቦች መጠይቅ የሰበሰብሁት በዚሁ አካባቢ ነበር። በጉዞው ላይ የላፕቶፔ ማሳያ ተሰነጠቀ። ኮምፒውተሩ ራሱ ጤነኛ ስለነበር፣ ባረፍሁበት ክፍል ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ጋር በኤችዲኤምአይ ገመድ አገናኘሁት። ምስሉ ወዲያው መጣ። እኔ ቀን ቀን ወደ ቀበሌዎቹ ስወጣ፣ ረዳቴ ደግሞ የተሞሉትን መጠይቆች ከወረቀት ወደ ኤክሴል ሰንጠረዥ ያስገባ ጀመር።

በሦስተኛው ቀን የገባውን መረጃ ሳጣራ፣ የሰንጠረዡ የመጨረሻ ዓምድ ከላይ እስከ ታች ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ዓምዱ ጠባብ ሲሆን የምርቱ መጠን በኩንታል ነው ወይስ በኪሎ ግራም የሚለውን በቁጥር የሚያመለክት ነበር። ረዳቴ አልዘነጋም፤ ዓምዱን ጨርሶ አላየውም። በኮምፒውተሩ አስተሳሰብ ዓምዱ በማሳያው ላይ ስለነበረ፣ ኤክሴል ሰንጠረዡን ወደ ጎን አላንሸራተተውም። ቴሌቪዥኑ ግን የምስሉን ዳርና ዳር ቆርጦ አስቀርቶት ነበር። የተሞሉት ወረቀቶች በእጃችን ስለነበሩ ጉድለቱ ተሟላ። ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ 5 ኩንታል ማሽላ ያመረተውን ቤተሰብ 5 ኪሎ ግራም ከሸጠው ለመለየት የሚያስችል ነገር አይኖረንም ነበር።

ይህ አጭር ጽሑፍ ያንን የተቆረጠ ጠርዝ መነሻ በማድረግ ሦስት ነገሮችን ያብራራል። አንደኛ፣ ቴሌቪዥን የኮምፒውተርን ምስል ጠርዝ የሚቆርጠው ለምን እንደሆነ፤ ሁለተኛ፣ ችግሩ ከሚመስሉት ሌሎች ችግሮች በምን እንደሚለይ፤ ሦስተኛ፣ መፍትሔው በየትኛው ቅደም ተከተል መሞከር እንዳለበት። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ አንድ ነው፦ የጠርዙ መቆረጥ የመሣሪያ ብልሽት ሳይሆን ከቀድሞው የቴሌቪዥን ዘመን የተወረሰ ልማድ ነው። በመሆኑም መታረም ያለበት ልማዱ ባለበት ቦታ፣ ማለትም በቴሌቪዥኑ ላይ ነው። ኮምፒውተሩን ማስተካከል የሚመጣው ያ ሳይሆን ሲቀር ብቻ ነው።

የችግሩ ምንነትና ስፋት

ቴሌቪዥኑ የሚደርሰውን ምስል በጥቂቱ አስፍቶ ዳሩን ከማሳያው ውጭ የሚያስቀርበት አሠራር ኦቨርስካን ይባላል። የሚቆረጠው መጠን እንደ ቴሌቪዥኑ ዓይነት ይለያያል። አብዛኛውን ጊዜ በእያንዳንዱ ጎን ከመቶ ሁለት እስከ አምስት ገደማ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም በአራቱም ጎን ሲደመር ትንሽ አይደለም።

ለምሳሌ ኮምፒውተሩ 1920 በ1080 ፒክስል የሆነ ምስል ቢልክና ቴሌቪዥኑ በእያንዳንዱ ጎን 2.5 በመቶ ቢቆርጥ፣ ከግራና ከቀኝ 48፣ ከላይና ከታች ደግሞ 27 ፒክስል ይጠፋል። ለዓይን የሚደርሰው 1824 በ1026 ፒክስል ብቻ ነው። ከ2,073,600 ነጥቦች 202,176ቱ፣ ማለትም ከምስሉ ስፋት አንድ ዐሥረኛ ገደማ፣ አይታዩም። ኮምፒውተሩ 1280 በ720 ልኮ ቴሌቪዥኑ በየጎኑ 5 በመቶ ቢቆርጥ ደግሞ ከግራና ከቀኝ 64፣ ከላይና ከታች 36 ፒክስል ይሄዳል። የሚታየው የምስሉ 81 በመቶ ብቻ ይሆናል።

ለቴሌቪዥን ድራማ ተመልካች ይህ ኪሳራ አይደለም፤ ከተዋናዩ ጀርባ ያለው ግድግዳ በጥቂቱ ቢጠብ ማንም ልብ አይለውም። የኮምፒውተር ማሳያ ግን ጠርዙን በሥራ የሞላ ነው። የዊንዶውስ 10 ታስክባር ቁመት 40 ፒክስል ሲሆን የሚቀመጠው በታችኛው ጠርዝ ላይ ነው። የፕሮግራሞች ሜኑ ከላይ፣ መስኮት መዝጊያው በቀኙ ማዕዘን፣ የኤክሴል የረድፍ ቁጥሮች በግራ ዳር፣ ሰንጠረዡን የምናንሸራትትበት መቆጣጠሪያም በቀኝ ዳር ይገኛሉ። ቴሌቪዥኑ ትርፍ ነው ብሎ የሚጥለው ክፍል ለኮምፒውተር ተጠቃሚ ዋናው የሥራ ቦታ ነው።

ኦቨርስካን ሁለተኛ ጉዳትም አለው። የተረፈው ምስል መላውን ማሳያ እንዲሞላ ስለሚሰፋ፣ ኮምፒውተሩ የላከው አንድ ፒክስል በቴሌቪዥኑ አንድ ነጥብ ላይ አያርፍም። ከላይ በተጠቀሰው የመጀመሪያ ምሳሌ እያንዳንዱ ፒክስል በ1.05 እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ውጤቱም የደበዘዘ ፊደል ነው። የአማርኛ ፊደላት በጥቃቅን ቅጥያዎች የሚለዩ በመሆናቸው ይህ ድብዘዛ በአነስተኛ ጽሑፍ ላይ በግልጽ ይታወቃል፤ “ሰ” ከ“ስ”፣ “በ” ከ“ቡ” የሚለዩት በጥቂት ነጥቦች ነውና።

ልማዱ ከየት መጣ?

በኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ሥርጭት የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዘመንና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ቴሌቪዥን ማለት ኋላው ወደ ውስጥ የረዘመ፣ ፊቱ የመስታወት ቱቦ የሆነ ሣጥን ነበር። ምስሉን የሚሥለው የኤሌክትሮን ጨረር ነው። ጨረሩ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እየተመላለሰ የቱቦውን የውስጥ ገጽ በመስመር በመስመር ያበራል። አገራችን በተጠቀመችበት የፓል ሥርዓት አንድ ሙሉ ምስል 625 መስመሮች ሲኖሩት በሰከንድ 25 ምስሎች ይተላለፋሉ። ከ625ቱ ውስጥ ለምስል የሚውሉት 576 ገደማ ናቸው። የቀሩት ጨረሩ ከታች ወደ ላይ በሚመለስበት ጊዜ የሚያልፉ ሲሆን እንደ ቴሌቴክስት ያለ መረጃም ይጫንባቸዋል።

ይህ ጨረር በማሳያው ጠርዝ ላይ በትክክል እንዲቆም ማድረግ አስቸጋሪ ነበር። በውስጡ ያሉት ክፍሎች ሲያረጁ ምስሉ ቦታውንና መጠኑን ይለውጣል። የመብራት ኃይል ሲወርድ በአሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ምስሉ ከአራቱም ጎን ሲሸበሸብ ያየ አንባቢ ይኖራል። ከዚህም ሌላ የቱቦው ማዕዘኖች ክብ ስለነበሩ አራት ማዕዘን የሆነው ምስል በልክ አይገጥማቸውም። አምራቾች የመረጡት መላ ቀላል ነበር፦ ምስሉን ከማሳያው በጥቂቱ አስፍቶ መሣል። ይህ ከሆነ ምስሉ ቢጠብም፣ ወደ ጎን ቢንሸራተትም፣ ተመልካቹ ጥቁር ጠርዝ አያይም።

የፕሮግራም አዘጋጆችም ይህን ስለሚያውቁ ሥራቸውን ከልማዱ ጋር አስማሙ። በቀድሞው ደንብ ዋና ዋና እንቅስቃሴዎች በምስሉ ማዕከላዊ 90 በመቶ፣ ጽሑፍ ደግሞ በማዕከላዊ 80 በመቶ ውስጥ እንዲቀመጡ ይደረግ ነበር። ከፍተኛ ጥራት ያለው ሰፊ ማሳያ ከመጣ በኋላ ልኩ ለእንቅስቃሴ 93፣ ለጽሑፍ 90 በመቶ ሆነ። ዜና አንባቢው ከተናገረ በኋላ በግርጌ የሚያልፈው ጽሑፍ ከታችኛው ጠርዝ ከፍ ብሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ አሠራር ቅርብ ምሳሌ የሚሆነን በ1990ዎቹ መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት ነው። ከዚያ ትውልድ የሆንን ተማሪዎች “ፕላዝማ” እያልን እናስታውሰዋለን። ትምህርቱ ከመነሻው ለቴሌቪዥን ተብሎ የተሰናዳ ስለሆነ ከክፍሉ ፊት የቆመው ማሳያ ጠርዙን ቢቆርጥም እንኳ ቀመሩና ሥዕሉ አይጎድሉም። ዛሬ አንድ መምህር ላፕቶፑን ከተመሳሳይ ማሳያ ጋር ሲያገናኝ ሁኔታው ይለወጣል። ኤክሴልም ሆነ የካርታ ሥራ ፕሮግራም ለጠርዝ መቆረጥ ቦታ ትቶ አይሥልም። ቴሌቪዥኑ አሮጌውን ስምምነት ጠብቋል፤ ኮምፒውተሩ ግን በዚያ ስምምነት ውስጥ አልነበረም።

ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ልማዱን ለምን አልተወም?

ጠፍጣፋ ማሳያ ጨረር የለውም። እያንዳንዱ ነጥብ የታወቀ ቋሚ ቦታ አለው፤ ምስሉ በመብራት መዋዠቅ አይጠብም፤ በእርጅናም አይንሸራተትም። ታዲያ ቆረጣው ለምን ቀጠለ? አንዱ ምክንያት የሚተላለፈው ምስል ጠርዝ ሁልጊዜ ንጹሕ አለመሆኑ ነው። ከአናሎግ ዘመን የተረፉ ቅጂዎች በዳራቸው ጥቁር መስመርና ብጥስጣሽ ነጥብ ይዘው ይመጣሉ። በፓል ሥርዓት የምስሉን ቅርጽ የሚገልጸው መረጃ የሚጫነው በ23ኛው መስመር ላይ ስለነበር፣ ጠርዙ ካልተቆረጠ ከላይ የሚቆራረጥ ነጭ ሰረዝ ሆኖ ይታያል። አምራቹ ደንበኛው ይህን አይቶ “ቴሌቪዥኑ ተበላሽቷል” እንዳይል ጠርዙን በነባሪነት መቁረጡን ቀጠለ።

ሁለተኛው ምክንያት ለጉዳያችን ይበልጥ ቅርብ ነው። ቴሌቪዥኑ ከገመዱ ወዲያ ያለው ሪሲቨር ይሁን ኮምፒውተር በእርግጠኝነት አያውቅም። ሁለቱ መሣሪያዎች ሲገናኙ አጭር ልውውጥ ያደርጋሉ። ማሳያው ማንነቱንና የሚቀበላቸውን የምስል መጠኖች የሚገልጽ፣ መሠረቱ 128 ባይት የሆነ መረጃ ለኮምፒውተሩ ይሰጣል። ይህ ኢዲአይዲ የተባለ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሆን ለኮምፒውተር ሞኒተሮች የታሰበ ነበር። በኋላ በቴሌቪዥኖች ላይ በተጨመረው ቅጥያ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ጠርዝ ይቆርጥ ወይም አይቆርጥ እንደሆነ የሚገልጽበት ቦታ ተዘጋጅቷል። ኮምፒውተሩም በበኩሉ ከምስሉ ጋር በሚልከው አጭር መግለጫ “ይህ ምስል ሳይቆረጥ ይታይ” ለማለት የሚችልበት ቦታ አለው።

ደንቡ በወረቀት ላይ ችግሩን ፈትቶታል። በተግባር ግን አንዳንድ ቴሌቪዥኖች ይህን መግለጫ አያነቡትም፤ አንዳንድ የግራፊክስ ካርዶችም አይሞሉትም። መግለጫው በማይኖርበት ጊዜ ቴሌቪዥኑ የሚፈርደው በምስሉ መጠን ነው። 1280 በ720 እና 1920 በ1080 የቴሌቪዥን ሥርጭት መጠኖች ስለሆኑ ምስሉን እንደ ቴሌቪዥን ፕሮግራም ቆጥሮ ይቆርጠዋል። 1024 በ768 ወይም 1360 በ768 ሲመጣለት ግን እነዚህ የኮምፒውተር መጠኖች ስለሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ሳይነካ ያሳያቸዋል። ብዙዎች የምስሉን መጠን በአጋጣሚ ዝቅ ሲያደርጉ ጠርዙ ተመልሶ መምጣቱን አይተው የሚደነቁት በዚህ ምክንያት ነው። በተመሳሳይ መንገድ፣ ቪጂኤ የሚባለው ሰማያዊ ሰኪ ያለው አሮጌ ገመድ ከኮምፒውተር እንጂ ከሪሲቨር ስለማይመጣ፣ ቴሌቪዥኖች በዚያ በኩል የገባውን ምስል ብዙውን ጊዜ አይቆርጡትም።

ችግሩን ከሚመስሉት መለየት

ማስተካከል ከመጀመሩ በፊት የተከሰተው በእርግጥ ኦቨርስካን መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ፈጣኑ መፈተሻ የመዳፊቱ ቀስት ነው። ቀስቱን ወደ ግራው የላይኛ ማዕዘን እስከ መጨረሻው መግፋት ይበቃል። በጤነኛ ማሳያ ላይ የቀስቱ ጫፍ ማዕዘኑን ነክቶ አካሉ ሙሉ ለሙሉ ይታያል። ቀስቱ ከጠፋ ወይም ከፊሉ ብቻ ከታየ ጠርዙ ተቆርጧል። ፈተናውን በቀኙ የታችኛ ማዕዘን ማድረግ ግን አያስተማምንም፤ በዚያ በኩል ቀስቱ በማንኛውም ጤነኛ ማሳያ ላይ ይሰወራልና።

ቀጥሎ የተቆረጠው የትኛው ጎን እንደሆነ መታየት አለበት። ከአራቱም ጎን በተመጣጠነ ሁኔታ ከተቆረጠ ኦቨርስካን ነው። ከላይና ከታች ብቻ ተቆርጦ ግራና ቀኙ ደኅና ከሆነ፣ ቴሌቪዥኑ ዙም በሚባለው የምስል ቅርጽ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። በአንድ ጎን ተቆርጦ በተቃራኒው ጎን ጥቁር መስመር ከታየ ምስሉ ቦታውን ስቷል። ይህ በቪጂኤ ገመድ የሚያጋጥም ሲሆን፣ ከቴሌቪዥኑ ሜኑ በራስ ሰር ማስተካከያው ወይም በቦታ ማስተካከያው ይታረማል። ምስሉ በአራቱም ጎን በጥቁር ክፈፍ ከተከበበ ደግሞ ተቃራኒው ችግር፣ አንደርስካን፣ ተከሥቷል። ጽሑፉ ከመጠን በላይ ትልቅ ሆኖ ጠርዙ ሙሉ ከሆነ ጉዳዩ ጨርሶ ሌላ ነው፤ የዊንዶውስ የማጉያ ቅንብር ወደ 125 ወይም 150 በመቶ ከፍ ብሏል ማለት ነው።

የተቆረጠውን መጠን በቁጥር ማወቅ ለሚፈልግ አንባቢ የሚከተለው ዘዴ ይበቃል። ከሚላከው ምስል ጋር እኩል የሆነ ለምሳሌ 1920 በ1080 ባዶ ሥዕል በማንኛውም የሥዕል ፕሮግራም ይከፈታል። ከጠርዙ ጀምሮ በየ10 ፒክስሉ ርቀት አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገቡ ክፈፎች በተለያየ ቀለም ይሣሉበታል። ሥዕሉ ሳይለጠጥ፣ በመሐል አቀማመጥ የዴስክቶፕ ልባስ ይደረጋል። በሙሉ የሚታየው የመጀመሪያው ክፈፍ የቆረጣውን ልክ ይነግረናል። በሥዕሉ መካከል አንድ ፒክስል ጥቁር፣ አንድ ፒክስል ነጭ እየተፈራረቁ የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች ቢጨመሩ ደግሞ መለጠጡን ያጋልጣሉ። ነጥብ ለነጥብ በሚያሳይ ማሳያ ላይ መስመሮቹ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ። ምስሉ ከተለጠጠ ግን እዚህም እዚያም የሚደምቅና የሚደበዝዝ ሞገድ ይፈጠራል።

የመፍትሔው ቅደም ተከተል

የመጀመሪያው ተግባር የቴሌቪዥኑን ትክክለኛ የነጥብ ብዛት ማወቅ ነው። በማሸጊያው ካርቶን ወይም በመመሪያው ላይ ይገኛል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥኖች ያላቸው 1366 በ768 ነጥብ ሲሆን የ1920 በ1080 ምስልም ይቀበላሉ። መቀበል ግን ማሳየት አይደለም፤ ምስሉን አሳንሰው ያቀርቡታል። በእነዚህ ላይ ነጥብ ለነጥብ ማሳየት የሚቻለው የኮምፒውተሩ ዝርዝር 1366 በ768ን ወይም 1360 በ768ን ካካተተ ብቻ ነው። ካለ እርሱን መምረጥ ጠርዙንም የፊደሉንም ጥራት በአንድ ጊዜ ሊያስተካክል ይችላል።

ሁለተኛው በሪሞቱ ወደ ቴሌቪዥኑ የምስል ሜኑ ገብቶ የምስል መጠን ወይም ቅርጽ የሚለውን መክፈት ነው። ሳይቆርጥ የሚያሳየው ምርጫ በየአምራቹ ስሙ ይለያያል። በሳምሰንግ ስክሪን ፊት፣ በኤልጂ ጀስት ስካን፣ በሶኒ ፉል ፒክስል፣ በፊሊፕስ አንስኬልድ፣ በሻርፕ ዶት ባይ ዶት ይባላል። በሌሎች ደግሞ ኦቨርስካን የሚል ቃል በቀጥታ ተጽፎ ሊዘጋ የሚችልበት ምርጫ ይገኛል። 16 ለ9 የሚለው ምርጫ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ቅርጹ ትክክል ቢሆንም ጠርዙን የሚቆርጠው ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው። ይህ ቅንብር በአብዛኛው ለእያንዳንዱ መግቢያ ለየብቻ ስለሚያዝ፣ ገመዱ ከአንዱ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ወደ ሌላው ሲዛወር ችግሩ ሊመለስ ይችላል።

ሦስተኛው የመግቢያውን ስም መለወጥ ነው። በሳምሰንግና በኤልጂ ቴሌቪዥኖች ላይ ገመዱ የተሰካበት መግቢያ “ፒሲ” ተብሎ እንዲሰየም የሚያስችል ዝርዝር አለ። ይህ ስም ለተመልካቹ ብቻ የተቀመጠ ምልክት ይመስላል፤ ነገር ግን በብዙዎቹ ላይ የቴሌቪዥኑን አሠራር ይለውጣል። ጠርዝ መቁረጡ ይቆማል፤ ቀለሙም ሳይጨመቅ ስለሚቀርብ በቀይና በሰማያዊ ፊደላት ዙሪያ የሚታየው ብዥታ ይወገዳል። ከዚያ በኋላም ፊደሉ ነጭ ጥላ ካለው የማጥሪያ ቅንብሩን ዝቅ ማድረግ ይረዳል።

አራተኛው፣ ማለትም በቴሌቪዥኑ በኩል ምንም ምርጫ በማይኖርበት ጊዜ የሚወሰደው እርምጃ፣ ኮምፒውተሩ ምስሉን አሳንሶ እንዲልክ ማድረግ ነው። በኤኤምዲ የግራፊክስ ፕሮግራም ውስጥ ኤችዲኤምአይ ስኬሊንግ የሚባል ተንሸራታች አለ። በኤንቪዲያ የዴስክቶፕን መጠንና ቦታ የሚያስተካክል ክፍል፣ በኢንቴል በተጠቃሚው የሚወሰን የመጠን ምርጫ፣ በአፕል ኮምፒውተሮች ደግሞ ከቴሌቪዥን ጋር ሲገናኙ የሚመጣ አንደርስካን የተባለ ተንሸራታች ይገኛል። ኮምፒውተሩ ምስሉን አሳንሶ ዙሪያውን በጥቁር ይሞላዋል፤ ቴሌቪዥኑም ጥቁሩን ክፈፍ ቆርጦ ይጥላል።

ይህ መንገድ በመጨረሻ የተቀመጠበት ምክንያት ሊሠመርበት ይገባል። ምስሉ ሁለት ጊዜ ይለወጣል፦ አንድ ጊዜ በኮምፒውተሩ ያንሳል፤ ሁለተኛ ጊዜ በቴሌቪዥኑ ይሰፋል። ጠርዙ ይመለሳል፤ የፊደሉ ጥራት ግን አይመለስም። ከዚህም ሌላ፣ ኮምፒውተሩ ከተስተካከለ በኋላ አንድ ሰው የቴሌቪዥኑን ቆረጣ ቢዘጋ ምስሉ በጥቁር ክፈፍ ይከበባል። ቀደም ያሉ የኤኤምዲ ፕሮግራሞች ደግሞ ቴሌቪዥን ሲያገኙ ሳይጠየቁ ምስሉን ያሳንሱ ነበር። በመሆኑም ቴሌቪዥኑ በትክክል ተስተካክሎ ጥቁር ክፈፍ ከቀረ፣ የኮምፒውተሩ ተንሸራታች ወደ ዜሮ መመለሱን ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

ለባለሙያ ጥገና ተብሎ የተደበቀውን የቴሌቪዥን ሜኑ በሪሞት ቁልፎች ጥምረት ከፍቶ የምስሉን ልክ መለወጥ እንደሚቻል የሚናገሩ አሉ። በዚያ ሜኑ ውስጥ ያለ የተሳሳተ ቁጥር ቴሌቪዥኑን ጨርሶ ምስል አልባ ሊያደርገው ስለሚችል፣ በተለይ የራሳችን ባልሆነ መሣሪያ ላይ መሞከር አይገባም።

ምንም ማስተካከያ በማይሠራበት ቦታ አሮጌውን የቴሌቪዥን አዘጋጆች ጥበብ መዋስ ይቻላል። መስኮቶቹ ማሳያውን እንዲሞሉ ከማድረግ ይልቅ በየጎኑ ከ5 እስከ 10 በመቶ ክፍት ቦታ ትቶ መሥራት፤ በስላይድ ላይም ጽሑፍን፣ የካርታ መግለጫንና የገጽ ቁጥርን በማዕከላዊው 90 በመቶ ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

ለምርምር ሥራ ያለው ትርጉም

በብዙ ቦታዎች ፕሮጀክተር ከማግኘት ቴሌቪዥን ማግኘት ይቀላል። በወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ በትምህርት ቤት፣ በማረፊያ ክፍል ውስጥ ያለው ማሳያ እርሱ ነው። ስለዚህ መረጃ ማስገባትም ሆነ የተገኘውን ውጤት ለማኅበረሰቡ ማሳየት ብዙ ጊዜ በእርሱ ላይ ይወድቃል።

እንዲህ ባለው ሥራ ላይ የሚያሰጋው በግልጽ የሚታየው ቆረጣ አይደለም። የታስክባሩ መጥፋት ወዲያው ስለሚታወቅ ሰው መፍትሔ ይፈልግለታል። የሚያሰጋው የተረፈው ምስል ሙሉ መስሎ የሚታይበት ጊዜ ነው። በቀኝ ጠርዝ ላይ ያለ 12.45 የመጨረሻ አሐዙ ተቆርጦ 12.4 ሆኖ ቢነበብ ቁጥሩ ስሕተት አይመስልም። የካርታው መግለጫ የመጨረሻ መስመር ቢጠፋ የቀሩት መስመሮች የተሟሉ ይመስላሉ። በማሳያው ላይ ማስመሪያ አስደግፎ ርቀት የሚለካ ሰውም ምስሉ ከመቶ አምስት ገደማ መለጠጡን ካላወቀ ልኬቱ በዚያው መጠን ይዛባል። በኢንተርኔት ስብሰባ ማሳያውን ለአማካሪው የሚያጋራ ተማሪ ደግሞ ከዚህ የተለየ ግራ መጋባት ይገጥመዋል፤ ከሩቅ ያለው አማካሪ ሙሉውን ሰንጠረዥ ሲያይ ከቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጠው ተማሪ የተቆረጠውን ያያል። ሁለቱም ያዩትን በእርግጠኝነት እየተናገሩ ላይግባቡ ይችላሉ።

ስለዚህ በመስክ ላይ ቴሌቪዥንን ለመረጃ ማስገቢያ የሚጠቀም ተመራማሪ ሁለት ነገሮችን ልማድ ቢያደርግ ይበጀዋል። አንደኛው ከሥራ በፊት የቀስቱን ፈተና ማድረግ ነው፤ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። ሁለተኛው የሰንጠረዡን የመጀመሪያና የመጨረሻ ዓምድ ለዋና መረጃ አለማዋል፣ ወይም የመጨረሻው ዓምድ ባዶ ሲቀር ቀለም ቀይሮ የሚያስጠነቅቅ ሕግ በኤክሴል ውስጥ መሥራት ነው። ማስጠንቀቂያው ግን በጠርዙ ላይ ከሆነ እርሱም ተቆርጦ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ቀለሙ መላውን ረድፍ እንዲሸፍን ማድረግ ይገባል።

ማጠቃለያ

የምስሉ ጠርዝ መቆረጥ በቱቦ ዘመን ለነበረ እውነተኛ ችግር የተሰጠ መፍትሔ ነበር። ችግሩ ከቱቦው ጋር ሄደ፤ መፍትሔው ግን ቀረ። ቴሌቪዥኑ ከኮምፒውተር የመጣውን ምስል እንደ ሥርጭት ሲቆጥረው ያ የቀረ መፍትሔ ራሱ ችግር ይሆናል። በመሆኑም መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ ሳይቆርጥ እንዲያሳይ ወይም መግቢያውን እንደ ኮምፒውተር እንዲያውቅ ማድረግ፣ የምስሉን መጠን ከማሳያው ነጥብ ብዛት ጋር ማስማማት፣ ይህ ሁሉ ሳይሆን ሲቀር ብቻ ምስሉን በኮምፒውተሩ ማሳነስ ተገቢው ቅደም ተከተል ነው።

በዛሪማ የነበረው ቴሌቪዥን የተስተካከለው በሪሞቱ ላይ አንድ ቁልፍ ሦስት ጊዜ በመጫን ነበር። የጎደለውን ዓምድ ከወረቀቱ እያነበብን መልሰን ለመሙላት ግን ከረዳቴ ጋር አንድ ሙሉ ቀን ፈጅቶብናል።